ምስሩ ሁሉ የት ገባ?

እሁድ

ወረደ! ሁለት ወር ሙሉ ምስር፣ ጉበት፣ ቆስጣ በልቼ የደሜ ብረት ጭራሽ ወረደ። ዶክተሯ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። "እውነት ትበያለሽ?" ብላ አስጠየቀችኝ። ውሸታም መሰልኳት። እዚህ እስራኤል ኩፓት ሆሊም የሚሉት የጤና ጣቢያ አስተርጓሚው አለሙ ነው፣ የባሌ የአጎት ልጅ። "የወር አበባሽስ፣ ይበዛል?" አለች ደግሞ። አለሙ አንገቱን ደፍቶ አስተረጎመ። "ደህና ነው" አልኩ።

ባለፈው ሳምንት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ራሴን ስቼ ወድቄያለሁ። ያለ ሐኪም ደብዳቤ ሥራ አልገባም። ዶክተሯ ምክንያቱን ሳላውቅ አልጽፍም አለች። ሐሙስ ተመለሺ።

ሰኞ

ጉበቱን እንደ ኦሪቱ ደንብ ደሙ እንዲወጣ በእሳት ላይ ጠበስኩት፤ ጭሱ ደረጃውን ሞላው። ሩሲያዊቷ ጎረቤቴ አፍንጫዋን ይዛ መጣች። አቀመስኳት፤ ድገሚኝ አለች። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅሁ። ሻይ ብረቱን ስለሚያስቀር ከምግብ ጋር ክልክል ነው፣ ሁለት ሰዓት ታግሼ ጠጣሁ። እኔ፣ የሻይ ሱሰኛዋ! ግን ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ልቤ ድው ድው ይላል።

ማክሰኞ

ደሙ ዛሬም አልቆመም። አሥረኛ ቀኑ። በየወሩ እንዲህ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ጎንደር ሳለን ሴት በዚህ ጊዜ ለብቻዋ የመርገም ጎጆ ትገባለች፤ ወንድ ነገሩን አያነሳውም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮን ምሳ ለሚበላው ለአለሙ "አሥር ቀን ይፈሰኛል" ልበል? መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ!

ረቡዕ

ዓይኔን ጨፍኜ ለልጄ ለኦርና ነገርኳት። "እማዬ፣ ቀዳዳ ጆንያ ነው'ኮ የምትሞዪው!" ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ላስተርጉምልሽ አለች። እምቢ አልኩ። ቃሉን በዕብራይስጥ አስተምሪኝ ብቻ። አሥር ቀን። ብዙ ደም። ሽንኩርት ስከትፍ ስደግመው ዋልኩ።

ሐሙስ

"አለሙ፣ ዛሬ ውጭ ጠብቀኝ" አልኩት።

"ማን ሊያስተረጉምልሽ?"

"እኔው ራሴ።"

እፎይ ብሎ ነው የወጣው። እሱም ለካ ሲጨነቅ ኖሯል። በሩን ዘጋሁ። አሥር ጣቶቼን ዘርግቼ ቃሎቹን ተናገርኩ። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ወደ ሴቶች ሐኪም ላከችኝ፣ የብረት ኪኒን ጨመረችልኝ። የሆቴሉን ደብዳቤ ገና አልሰጠችኝም።

"ምግቡስ?" አልኩ።

"እንዳትተዪ! እስካሁን በእግርሽ ያቆመሽ እሱ ነው" አለች። ቀስ ብላ ስለተናገረች ማንም ሳያስተረጉምልኝ ገባኝ።

ስመለስ ሁለት ኪሎ ምስር ገዛሁ።