የጎባ ፈረሰኞች ጋቢ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ስምንተኛው የእንጨት ፈረሰኛ ገና አልደረቀም። ከሥሩ በመቆንጠጫ ይዤ ጋቢውን ሁለተኛ ዙር ቀባሁት። ልጓሙ ነገ። ጦሩ ከነገ ወዲያ።

ብርቄ ሻይ ይዛ ገባች። ከትከሻዬ በላይ አየችና ጋቢውን ለምን ሰማያዊ አደረግኸው አለችኝ። ነጭ ነው አልኳት። ሳቀች። ነጭ ነው ብዬ ደገምኩላት። ሳቋን አቆመች፣ ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

ማስታወሻዬ፣ ይህን ልብ በልልኝ። ሚስቴ የቀለም ሽታ አትወድም፤ ጠረጴዛውንም ለእንግዳ ትፈልገዋለች። ይህ የታወቀ ነው። ግን በሥራዬ ቀልዳብኝ አታውቅም። ማን ምን ነገራት?

ሥራው ደግሞ እየገፋ ነው። እዚህ ሮቤ አዲሱ አዳራሽ ሲከፈት የድሮው የጎባ ገበያ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሰዎቹና ፈረሶቹ ከአውራ ጣት አይበልጡም። ጀማል ጎባ ሆኖ ከእንጨት ይቀርጻቸዋል፣ እኔ ሮቤ ሆኜ እቀባቸዋለሁ። እሱ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው፣ እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ልጆቻችን ያደጉት እኛ በዚህ ጨዋታ ላይ ሆነን ነው። ያገኘናቸው የድሮ ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ቀለሙን ከሽማግሌ አፍ ነው የምንለቅመው። የፈረሰኛ ጋቢ ነጭ ነው ብለውናል። ነጭ ነው የቀባሁት።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎባ ሄድኩ። ስምንቱ ፈረሰኞች በጫማ ካርቶን፣ በጥጥ ተጠቅልለው። ጎባ ጉም።

ጀ. አንድ በአንድ እያነሳ መስኮቱ ጋ ወሰዳቸው። ሌላ ቀን አፉ አያርፍም፤ የዚህ አንገት አማረ፣ የዚያ ኮርቻ ከፍ አለ ይላል። ዛሬ “ጥሩ ነው” ብቻ። ከዚያ ደህና ትተኛለህ ወይ አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ጋዜጣ ያለ መነጽር ታነባለህ ወይ። ምን አገናኘው?

ካርቶኑ እኔ ጋ ይቆይ አለ። የአንዱ ጦር ላልቷል፣ ላጥብቀው። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ጦሮቹን ሁሉ ነካክቻለሁ። አንድም የላላ አልነበረም።

ሚስቱ ዘይነባ ምሳ አቀረበች፤ በላሁ። ጫማዬን ሳስር ሁለቱ ጓዳ ሆነው ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ አወሩ። ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ ያውቃሉ። ለዚህ ነው ዝቅ ያሉት። “ኢጃ” የምትል ቃል ብቻ ያዝኩ። ዓይን። የማን ዓይን? ሰው ዓይን አበዛበት ማለታቸው ነው? ወይስ ዓይኔ ሥራቸው ላይ አረፈ?

ስመለስ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ሒሳብ ጠየቀኝ። ሐሳቤ እዚያው ጓዳ ነበር።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ሰሚራ ሱቅ መጣች፤ የአዳራሹን ትርኢት የምታሰናዳው ልጅ። ጨዋ ናት፣ ጋሼ እያለች ቆማ ነው የምታወራኝ። ጋሽ ጀማል ስምንቱን ፈረሰኞች አመጡልን አለች። አመጡልን? ለእኔ ሳይነግረኝ? ይባስ ብላ፣ ጋቢያቸው ሲያምር፣ ነጭነቱ ዓይን ይወጋል አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ሌላው ሁሉ እያለ ሁለት ሰው ስለ ጋቢው ብቻ ለምን ያነሳል?

ነገ ሱቄን ዘግቼ ሄጄ አያለሁ።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

አየሁ።

የእኔ ነጭ የለም። ጋቢዎቹ ቅቤ መስለዋል። ጭስ ቤት የከረመ ጨርቅ ነው የሚመስሉት። ሰሚራ አጠገቤ ቆማ ያምራሉ፣ ያምራሉ ትላለች። በማጉያ መነጽሬ አየኋቸው። የብሩሹ አካሄድ ከቀኝ ወደ ግራ ይወርዳል። እኔ እንዲያ አልቀባም። ጀ. ግን ግራኝ ነው።

እንግዲህ አላበድኩም። እጁን ሥራዬ ላይ አሳርፏል። ደብቆ። ጦር ላልቷል ብሎ ዋሽቶ።

ሌላም አለ። የደረደራቸው እሱ ነው። ከፊት ያስቀደመው ዳማ ፈረስ ላይ ያለውን ነው። አያቱ ዳማ ፈረስ ይጋልቡ እንደነበር ስንት ጊዜ አጫውቶኛል።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ስለ ቀለም ሳስብ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ነገሩን ገጣጠምኩት። ነጩን ቀለም ከአዲስ አበባ የሚያመጣልኝ ማነው? ጀ. ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የሚያመጣው ነጭ ንጹሕ አይደለም፣ ቢጫ ይላል። ዝም ብዬ በሰማያዊ ጠብታ አስተካክለው ነበር፤ በመጀመሪያ አንድ፣ አሁን አሁን ሦስት አራት። ርካሹን እየገዛ ይሆን? ወይስ ሆን ብሎ ሥራዬን አበላሽቶ፣ ከዚያ “እኔ ነኝ ያዳንኩት” ሊል? በመስታወቱ ላይ የማን ስም ይቅደም የሚለው ገና አልተወሰነም።

ለብርቄ ነገርኳት። ሰምታ ጨረሰችና ጀማል እንዲህ አያደርግም አለች። አያቱ ከፊት፣ የእኔ አያት ከኋላ፣ አላየሽም አልኳት። የእኔ አያት ከሰሜን መጥቶ ጎባ የሰፈረ ወታደር ነው። እኔና ጀ. በዚህ ተቀላልደን እንጂ ተጣልተን አናውቅም። ብርቄ ቆጣ አለች። ያንን እዚህ ውስጥ አታግባው፣ ገብቶ አይወጣም አለችኝ።

እሷም ከእነሱ ጋር ሆናለች ማለት ነው።

ወጥመድ አሰብኩ። ዘጠነኛውን ቀብቼ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ከተነካ ማስረጃ አለኝ። ፎቶውን ለብርቄ አሳየኋት፤ ይኸውልሽ ነጭ። አየችው። ሰማያዊ ነው ታዴ፣ ፎቶውም ሰማያዊ ነው አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ የለም። ስልኩን ነጠቅኋት።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ጎባ ነበርኩ። ሁሉንም ልጻፈው፣ ነገ እንዳላሳምረው።

ሱቁ ውስጥ አንድ ሰው ደብተር እየመረጠ ነበር። እስኪወጣ አልጠበቅኩም።

“ሥራዬን ነክተሃል?” አልኩት።

“ነክቻለሁ” አለ። አልካደም። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ።

“ለምን?”

ከመደርደሪያው አዲስ የወረቀት እሽግ አውርዶ ቀደደና አንድ ወረቀት መዝዞ ሰጠኝ። “ቀለሙ ምንድነው?” አለኝ።

“የከረመ ወረቀት ነዋ። ቢጫ።”

“ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ አሁን ፊትህ እኮ ነው የከፈትኩት።”

ሰውየው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ደብተሩን ማገላበጥ ጀመረ። ምንም የሚነበብ የሌለበትን ባዶ ደብተር። ጀ. አስቀድሞ ያዘጋጀው ሰው መሰለኝ። ደሜ ፈላ።

“እናንተ ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ” አልኩ።

ፊቴ የቆመው አንድ ሰው ነው። ጀማል። ልጄ ሲታመም ሌሊት መኪና ፈልጎ ያመጣልኝ ሰው። እናንተ አልኩት።

ጀ. ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ቀስ ብሎ ወደ እሽጉ መለሰው። “እኛ እነማን ነን ታደሰ?” አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ወጣሁ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

አልደወለም። እኔም።

ባለፈው ሳምንት የጠገንኩት ቴሌቪዥን ተመልሶ መጣ። ሸትቷል፣ ጠፍቷል። ባለቤቷ በትሕትና ነው የነገረችኝ፤ ጋሼ፣ አንዴ ይዩልኝ። ዕቃ የሚያቀርብልኝን ልጅ ጠረጠርኩ። የማይረባ ሬዚስተር ሸጦልኝ ይሆናል። ሁሉም ሰው ዘንድሮ የሆነ ነገር እየሸጠልኝ ነው።

ከተማው አቧራ ነው። ኮምባይነሮቹ ስንዴው ላይ ወጥተዋል። ዓይኔን የሚያሳክከኝ እሱ ነው።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

የተቃጠለውን ፈትቼ አየሁት። የቀየርኳት ሬዚስተር፣ ቁጥሯን የሚናገረው የቀለም ቀለበቷ አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ አምስት ነው፤ ልክ ነኝ። በቴስተር ለካኋት። ስድስት አለኝ። ስድስት ሰማያዊ ነው።

ቴስተሩ ተበላሽቷል ብዬ ባትሪ ቀየርኩ። ስድስት።

ሌላ አነሳሁ። ቡናማ ብዬ ያነበብኩት ሐምራዊ ሆኖ ተገኘ። ከሣጥኑ በዘፈቀደ እያወጣሁ በዓይኔ አነባለሁ፣ በቴስተር እለካለሁ። ቀዩን አልስትም። ቢጫውን አልስትም። ሰማያዊ በመጣ ቁጥር እስታለሁ።

ቴስተሩ ጎባ ሄዶ አያውቅም። ብርቄ አልመከረችውም። ኦሮምኛም አማርኛም አይችልም።

በሩን ከውስጥ ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንድ ደንበኛ አንኳኩቶ ሄደ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሆስፒታል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ምን ያውቃል ብዬ ነበር የገባሁት። በመብራት አየኝ። የዓይን ሞራ ነው አባባ፣ በሁለቱም አለ አለኝ። ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው፤ ሰው በቢጫ መስታወት እንደሚያይ ሆኖ ሳይታወቀው ይለምደዋል። ነጭ የሚመስልዎትን ሌላ ሰው ነጭ ላይለው ይችላል አለኝ። ስለ ፈረሰኞቹ አልነገርኩትም ነበር።

ብርቄ ኮሪደር ላይ እየጠበቀችኝ ነበር። ጀ. ነግሮሽ ነበር ወይ አልኳት። ፈረሰኞቹን ጎባ አድርሰህ የመጣህ ዕለት ደውሎልኛል አለች። ኢጃ። ለካ የእኔን ዓይን ነው። ለምን በቀጥታ አልነገራችሁኝም አልኳት። “ነግሬሃለሁ” አለች፤ “የመጀመሪያ ቀን ነግሬሃለሁ፣ ፎቶውን ስታሳየኝም ነግሬሃለሁ።” ጀማል ደግሞ ቢነግርህ ቅናት ነው ትለው ነበር አለች።

እል ነበር። ግን ማስታወሻዬ፣ ላንተ ልናገር፤ አሁንም ንዴቴ ሙሉ ለሙሉ አልወጣልኝም። ከጀርባዬ መቀባቱስ? ልክ መሆኑ ሳያንሰው እንደ ሕፃን ጦር ላልቷል ብሎ አታለለኝ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ትናንት የግራ ዓይኔን ሠሩልኝ። ዛሬ ጧት ፋሻው ተነሣ።

የነርሷ ካፖርት። ግድግዳው። ሰማዩ፣ ሰማዩ ምን ያህል ሰማያዊ እንደሆነ ረስቼው ነበር።

ቤት ገብቼ ሳልቀመጥ ዘጠነኛውን ፈረሰኛ አነሳሁት። የልብስ ሳሙና ውሃ ውስጥ ነክረው ያወጡት ይመስላል። ብርቄ እያየችኝ ነው። ነግሬህ ነበር አላለችም፤ ደግ ሴት ናት።

ደጋግሜ ወደ ጀ. ለመደወል ስልክ አነሳሁ። ስለ ቀለሙ ይቅርታ ማለት ቀላል ነው፤ ታምሜ ነበር ይባላል። ያቺ “እናንተ” ያልኳት ቃል ግን የወጣችው ከአፌ እንጂ ከዓይኔ አይደለም። ለእሷ የዓይን ሞራ ምክንያት አይሆንም።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

አዳራሽ ሄድኩ። መክፈቻው ቅዳሜ ነው። በጎውን ዓይኔን ይዤ የጀማልን ነጭ ላየው ነበር የሄድኩት።

ስምንቱም ሰማያዊ ናቸው።

መጀመሪያ የገባኝ አልመሰለኝም። የግራ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ በቀኙ አየሁ፤ ነጭ። ቀኙን ጨፈንኩ፣ በግራው አየሁ፤ ሰማያዊ። ሰሚራ ግራ ገብቷት ቆማለች። ጠየቅኋት። ፈራ ተባ እያለች ነገረችኝ። ጋሽ ጀማል ከሁለት ሳምንት በፊት መጥተው ወስደዋቸው ነበር፣ የላዩን ነጭ አንድ በአንድ ፍቀው እርስዎ እንደቀቧቸው አድርገው መለሷቸው። “የባለቤቱ ቀለም ይሁን፣ እኔ መንካት አልነበረብኝም” ብለው ሄዱ። ከመስታወቱ ላይም ስማቸው እንዲቀር ጠይቀዋል።

የአውራ ጣት የምታህል ጋቢ ላይ የላዩን ቀለም ፍቆ የሥሩን ማስቀረት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ እኔ ነኝ የማውቀው። በምላጭ ጫፍ ነው የሠራው። የእኔን ቀለም አንድ ቦታ እንኳ አልጫረም።

ይህ ምንድነው? ይቅርታ ነው? ወይስ ከተማው ሁሉ መጥቶ ሰማያዊ ጋቢ አይቶ እንዲስቅብኝ ነው? ይኸው፣ አሁንም እጠረጥራለሁ። ዓይኔ ተሠርቶም።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ሰሚራ እስከ ዓርብ ጊዜ አለዎት፣ በፈለጉት ቀለም ይቅቧቸው አለች። ብርቄም ቀባቸው ትላለች። ብሩሹን አላነሳሁም። ጀማል ሳይሰማ አንዷንም አልነካም።

ጎባ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ዘይነባ ናት። ሰላምታዋ አልጎደለም፤ ስለ ዓይኔ ጠየቀችኝ፣ አልሐምዱሊላህ አለች። ግን ብቅ በሉ አላለችም። ጀማል አንገቱ የምትባል ከተማ ወርዷል፣ ልጃችን እዚያ ወልዳለች አለችኝ፤ እዚያ ኔትወርክ አንዴ አለ አንዴ የለም። መቼ ይመለሳል? አላውቅም።

አላውቅም ነው ወይስ አልነግርህም? ተወው። ተወው ታደሰ።

ነገ በመጀመሪያው መኪና አንገቱ እወርዳለሁ። ሐኪሙ ከነፋስና ከአቧራ ይጠበቁ ብሎኛል። ሳነቴ ተራራ ላይ ነፋስ ነው፣ ከሐረና ጫካ ወዲያ አቧራ ነው። ብርቄ አብደሃል ብላ ስታበቃ ተነሥታ ለአራስ የሚሆን የገንፎ እህል መቋጠር ጀመረች። ባዶ እጅህን አራስ ቤት አትገባም አለች።

ስለ ቀለም አላነሳበትም። እኛ እነማን ነን ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ መልስ አለብኝ። አሁን እዚህ ልጽፈው ብዬ ብዕሬን አነሳሁ። አይሆንም። ማስታወሻዬ፣ አትቀየመኝ። አስቀድሞ እሱ ይስማው።