የዋርሳዬ ደም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት

መርዞታል። ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። ባሌ ሰይድ ጥጥ ሊገዛ ከታላቅ ወንድሙ፣ ከዋርሳዬ ከይመር ጋር ዓባይ ቆላ ወረደ። ወር ያህል አንድ ጎጆ አደሩ፣ ካንድ ገበታ በሉ። ዛሬ ሰይድ በቃሬዛ ቤታችን ይጁቤ ገባ፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያቃዠዋል። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ይመር ነው። እሱን ራስ ምታት እንኳ አልነካውም።

አባታቸው አንድ ነው፣ እናታቸው ሌላ። ይመር ቆላ ተወልዶ ቆላ ያደገ ነው። አባታቸው ሱቁን ለሰይድ ከሰጡ ወዲህ ዓይኑን አላምነውም።

ረቡዕ

ይመር ደጃፌ ላይ ተቀምጧል። ሂድ ቢሉት አይሄድም። ከተጋባን ጀምሮ “እርስዎ” ስለው ነበር የኖርኩት። ዛሬ ጎረቤት እየሰማ “ምን አበላኸው?” አልኩት።

“እኔ የበላሁትን” አለ፣ ቀና ሳይል።

የሰይድ ዓይን ቢጫ ሆኗል። ነገ ምስለኔው ዘንድ ሄጄ እከሰዋለሁ።

ሐሙስ

ክሱ ቀረ፤ ሰይድ ራሱን ሳተ። በጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ይመር ሳልጠራው ተሳፈረ።

ወባ ነው ብለው መርፌ ወጉት። እኔ አላመንኩም። “ወባ ከሆነ ይሄኛው ለምን ቆሞ ይሄዳል? የሱንም ደም እዩልኝ” አልኩ። ላጋልጠው ነበር። ይመር ጣቱን ዘረጋ።

ዓርብ

በይመር ደም ውስጥም ያው የወባ ተባይ ተገኘ። ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው። ሐኪሙ አስተኝቶ ሆዱን ዳሰሰው፤ ጣፊያው አብጦ ደድሯል።

“ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋጋው ኖሯል” አለኝ ሐኪሙ። “ደሙ ጠላቱን ለይቶ ያውቀዋል። ጨርሶ ባያጠፋውም እንዲበዛ አይፈቅድለትም። የባልሽ ደም ግን ደገኛ ነው፤ ገና መታገሉ ነው።”

“ታዲያ ቆላ የተወለደ ሁሉ አይሞትም?” አልኩ።

ይመር ነው የመለሰልኝ። “የናቴ ልጆች ብዙ ነበርን። ሌሎቹ ሳይለምዱት በሕፃንነታቸው አለቁ።”

ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር። ከአፌ አልወጣም። አሁንም ሳየው ደረቴን ያንገበግበኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ

ሰይድ ትኩሳቱ በረደ፤ ሾርባ ቀመሰ። ይመርን አስጠርቶ “ከቆላ ውጣና ከኛ ጋር ኑር፤ ሱቁ ይበቃናል” አለው። እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

“ልጆቼ እዚያ ናቸው” አለ ይመር። “ደግሞ ሐኪሙ ነግሮኛል። ደጋ ከከረምኩ ደሜ ይረሳዋል። ከዚያ ስወርድ እንዳንተ መውደቄ ነው።”

ምሳ ሳይበላ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። መንገዱ እስኪሰውረው በጤና ጣቢያው መስኮት አየሁት።

ሰይድ ከእንቅልፉ ሲነቃ “ማን ሸኘው?” አለኝ።

ግንባሩን ዳሰስኩት፤ ቀዝቅዟል።