ዘጠኝ ቤት ብቻ ያለበት ደረጃ

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ አያሌው፣

እንዴት ከርመሃል? የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ? የተማሪዎችህስ ጫጫታ? ባለቤትህ ሙላቷ በሰላም ተገላገለች? እዚህ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ሆኜ አንድ በአንድ ስማችሁን እየጠራሁ ሰላም እላችኋለሁ። የሒሳብ መምህር ወንድም ያላት ሰው ግራ ሲገባት ለማን ትጽፋለች? እኔ ግራ ግብት ብሎኛል።

ሥራዬን ታውቃለህ፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ የምግብ ችግራችሁ ምን ያህል ነው እያልኩ እጠይቃለሁ። መልሱ አራት ደረጃ አለው፦ የለም፣ ቀላል፣ ከባድ፣ እጅግ ከባድ። አለቃችን ማሕጁብ መልሱን ለኮምፒውተር ሰጥቶ ያልጠየቅናቸው ቤቶች የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚሆኑ ያስገምታል። እህሉ የሚታደለው በግምቱ ነው።

ከስድስት መቶ አርባ ቤት ‘እጅግ ከባድ’ ላይ የተገኙት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ‘ቀላል’ ይልና ብዙውን ጊዜ ልክ ይሆናል፤ ከዘጠኙ ግን አንዱንም አያገኝም። ማሕጁብ ያላ፣ በሉ እንግዲህ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደረጃዎች እናዋህድ፣ በዘጠኝ ቤት ድንበር አይሰመርም አለ። ባልደረባዬ ፋሪሃ ደግሞ የለም፣ ኮምፒውተሩ እንደ ብዙ እንዲቆጥራቸው ለዘጠኙ ክብደት እንጨምርላቸው አለች። እሱም ያኔ ያልተራበውን ሁሉ ተራበ ይለናል ብሎ መለሰላት። ሁለቱም ሲናገሩ እውነት ይመስሉኛል። ብናዋህድ ምንም ያልበላው አንዴ ከበላው እኩል ይሰለፋል፤ ብንለይ ደግሞ ግምቱ ይዋዥቃል።

ከሁሉ የባሰው የኔ ጥፋት ነው። የሐበሻ ቤቶች የደረሱት ለኔ ነበር። መቼም ታውቀኛለህ፣ ሰላምታ ሳላዳርስ ወረቀት አላወጣም። እንዴት ናችሁ ስል ተመስገን ይሉኛል፤ ተመስገን ያለን ሰው ተርበሃል ወይ ማለት ነውር እየመሰለኝ ‘ቀላል’ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ጎረቤቴን ጀሚላንም እንደዚያው አለፍኳት። ባለፈው ሐሙስ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ደጃፌ ላይ ወደቀች። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም ነበር። ምነው ሳትነግሪኝ ብላት፣ አንቺ እኮ እንዴት ነሽ ነው ያልሽኝ አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ደግሞ አብሬ ደበቅሁ።

ታዲያ ዘጠኙ በእውነት ጥቂት ናቸው ወይስ በኔ ይሉኝታ ነው ጥቂት የሆኑት? ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ቅዳሜ ግን ለማሕጁብ ነገርኩት። አልተቆጣም። ሱዳኖቹ አልሐምዱሊላህ ሲሉት እሱ ራሱ ምን ላይ ምልክት ያደርግ እንደነበር ትዝ አልለው ብሎ አንገቱን ደፋ። አሁን ሁላችንም ቤቶቹን እንደገና ልንዞር ነው። ደጃፍ ላይ ትናንት ምን በላችሁ ስል ስንቱ ይቀየመኝ ይሆን?

ሙላቷን ከነልጇ ሳምልኝ። አጎቴ ጀምበሬን ጉልበት ስሜያለሁ በልልኝ። እሑድ እማዬ ዘንድ ስትወርድ ግን እንዴት ነሽ ብለህ አትጠይቃት። የምትነግርህን ትተህ ድስቷን ክፈትና ያየኸውን ጻፍልኝ።

እህትህ ሐመልማል
ካርቱም፣ ዴም
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.