የሾፌሩ ገድልና የእናቴ ነገር

ለተወደዱት አባቴ፣ ለየኔታ ገብረ ክርስቶስ፤
ቢቸና።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲጠና የሚያምዎት ወገብዎስ? የዓይንዎ ሞራ እንደ ከረመው ነው ወይስ ጨመረ? እትዬ ይርጋነሽ እንዴት ናት? ተማሪዎቹ፣ ጉባኤ ቤቱ፣ ከብቱ ሁሉ ደህና ነው? ጤፉ ተወቅቶ ገባ? እኔና ባለቤቴ አምላኩ፣ ልጃችን እፀገነትም ጤናችን ሙሉ ነው፤ የጎደለብን የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው። መብራት ሲመጣ ስልኩ ይጠፋል፣ ስልኩ ሲመጣ መብራቱ ይጠፋል። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ በደብረ ወርቅ በኩል ለሚያልፍ ነጋዴ ሰጠሁት። የሚያነብልዎ ወንድሜ ስጦታው መሆኑን አውቃለሁ። ስጦታው፣ የሰለቸህን እየዘለልህ እንዳታነብባቸው።

የላኩብኝ ቃል ደርሶኛል። ሕይወትዎን ለስጦታው ይንገሩትና ይጻፈው ብዬ ብለምንዎ፣ የሰው ሕይወት የሚጻፈው ከሞተ በኋላ ነው፣ እሱም ለጻድቅ ነው፣ ሥጋ ለባሽ ስለ ራሱ ካወራ ትምክህት ነው ብለዋል አሉ። አልተከፋሁም፤ እንዲያውም ሳቅሁ። እዚህ ሞጣም ይህንኑ የሚሉ ሴት አሉና። ነገሩን ከሥሩ ላጫውትዎ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዘንድሮ ሲከፈትና ሲዘጋ ከረመ። ጠመኔ ከያዝሁበት ቀን ቤት የተቀመጥሁበት ይበዛል። ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤቴ ጀዋሂር ደግሞ ባሕር ዳር መጽሐፍ የሚሸጥ ወንድም አላት፤ ዕቃ ስታስመጣ ያገለገሉ መጻሕፍት አብሮ ይልክላታል። ልብ ወለድ አትወድም፤ ባልሆነ ነገር ለምን አለቅሳለሁ ባይ ናት። ስለዚህ የሚመጣው ሁሉ የሰው ታሪክ፣ የጤና፣ የንብ እርባታ ነው። ገበያ በሌለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቋ ውስጥ ከጣቃዎቹ መሀል እንቀመጣለን። እኔ አነባለሁ፤ እሷ ጨርቅ እያጠፈች ትሰማለች።

ስለ ንብ የተጻፈውን ሰምቶ አምላኩ ቀፎ ሠራ። ንቦቹ ግን መጽሐፉን አላነበቡትም መሰለኝ፣ ገና ሳይለምዱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጎረቤት ዛፍ ሄዱ። ቢሆንም መጽሐፉን ወድጄዋለሁ፤ ጸሐፊው ያልገባውን አልገባኝም ይላል፤ እንዲህ የሚል ሰው ደስ ይለኛል።

ከዚያ የአንድ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር መጽሐፍ መጣ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሳይሠራ በአሮጌው ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፤ የበረሃውን ቁልቁለት ሲናገር ፍሬን የያዝሁት እኔ እስኪመስለኝ እግሬን እወጥር ነበር። እሱን በጀመርን ቀን እማማ ፈንታነሽ የሚባሉ ባልቴት ጎረቤታችን እንዝርታቸውን ይዘው መጥተው በሩ ሥር ተቀመጡ። የአንድ ሰው ሕይወት እየተነበበ መሆኑን ሲሰሙ ነጠላቸውን አመሳቀሉ። ምዕራፉ ሲያልቅ ብድግ ብለው መጽሐፉን አምጪ አሉኝ፤ ሰጠኋቸው። ተሳለሙትና ግንባራቸውን አስነክተው፣ በረከቱ ይደርብን፣ ለመሆኑ የዚህ ጻድቅ መታሰቢያ በስንት ቀን ነው የሚውለው ብለው ጠየቁኝ። ጀዋሂር ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ከአቡጀዲው ውስጥ ቀበረች። እኔም ቀኑን ገና አልደረስሁበትም አልሁ።

በማግሥቱ፣ ሾፌሩ ከእሱ ያረገዘች ሴት ደጀን ላይ ጥሎ፣ መኪናውን አስነሥቶ መሄዱን ከሚናገርበት ደረስን። እማማ ፈንታነሽ እንዝርታቸውን አቆሙ። የማንን ገድል ነው የምታነቢልን ብለው ተቆጡኝ፣ ትናንት የተሳለሙበትን ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ተነሥተው ሄዱ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ለመሆኑ ልጁን ተመልሶ አየው ወይ አሉኝ። እሱን ገና አላነበብሁትም አልኋቸው። ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ቀርተው አያውቁም። ሾፌሩ በስተርጅናው ልጁን ሉማሜ ገበያ ላይ ያገኘ ዕለት እልል አሉ። የጻድቃንን ገድል ስሰማ እፈራለሁ፣ የዚህን ሰው ስሰማ ግን የራሴ ነገር ትዝ ይለኛል ይላሉ አሁን።

ጀዋሂር ግን መጽሐፉ ሲያልቅ ተናደደች። ስለ ጎማው፣ ስለ ካምቢዮው ገጽ ሙሉ ጽፎ፣ በኋላ ያገባትንና ዕድሜዋን ሙሉ በር ስትከፍትለት የኖረችውን ሚስቱን በሁለት መስመር አለፋት፣ ስሟን እንኳ አልነገረንም አለች። ሰው የሚጽፈው የሚችለውን ነው ብዬ ተከራከርኋት። ቤቴ ስገባ ግን ነገሯ አልለቅ አለኝ።

ቀጥሎ የመጣው የአንዲት አዋላጅ ነርስ መጽሐፍ ነው። እሱን ጮክ ብዬ ማንበብ አልሆነልኝም፤ ብቻዬን አነበብሁት። በገጠር ጤና ጣቢያ በወሊድ ያረፉባትን እናቶች አልረሳቻቸውም። አንዷ እየደከመች ሳለ ወንድ ነው ሴት ብላ ጠየቀች፣ ሴት ናት ሲሏት ፈገግ አለች ይላል። አባባ፣ እዚያ ላይ ዘጋሁት። አልደብቅዎትም፣ ብዙ አለቀስሁ።

እናቴ እኔን ስትወልድ ማረፏን አውቃለሁ። ስሟ ጥሩአየሁ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ ያለፈ የማውቀው የለም። አይቼው የማላውቀውን ሾፌር መኪና ድምፅ አውቃለሁ፤ እናቴ ረጅም ትሁን አጭር፣ ቁጡ ትሁን ሳቂታ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ስጠይቅዎ ሆድ ይፍጀው ብለው ወደ ዳዊትዎ ይመለሱ ነበር። ሐዘንዎ ከብዶ እንደሆነ ይገባኛል። እትዬ ይርጋነሽ ይህን እየሰማሽ ነውና፣ እናት አጥቼ አላደግሁም፤ አባባን አግብተሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ እናቴ። ለሰርጌ ፀጉሬን ስትሠሪኝ፣ አባትሽን ጠይቂው፣ ለኔም ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም ባውቃት ደስ ይለኝ ነበር ያልሽኝን አልረሳሁም።

እንግዲህ ልመናዬን ለውጫለሁ። የራስዎን ሕይወት ማውራት ትምክህት ከሆነ ይቅር። ስለ እሷ መናገር ግን ስለ ሌላ ሰው መመስከር ነው፤ ይህን ለእርስዎ ማስተማር አይገባኝም። የምፈልገው ገድል አይደለም። ስትቆጣ ምን ትል ነበር? ምን ያስቃት ነበር? ወጥ ታሳርር ነበር? ብታሳርርም እወዳታለሁ። ያን ሾፌር እንኳ ይቅር ብዬዋለሁ። አባባ፣ ይህን የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ ሰው በሕይወት የለም፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የምሥራችም አለኝ። ሁዳዴ ሳይገባ ሞራ የሚገፍፉ የዓይን ሐኪሞች ደብረ ማርቆስ ይመጣሉ፤ ስምዎን አስመዝግቤያለሁ። መንገዱ ሰሞኑን ሰላም ነው፤ እንዲሁ ከሰነበተ ሦስታችንም መጥተን ይዘንዎት እንሄዳለን። እዚህ ሠፈራችን አንድ መምህር ሞራቸው ተገፎላቸው ዳዊታቸውን ራሳቸው መድገም ጀምረዋል። የእርስዎም እንዲያ እንደሚሆን ልቤ ነግሮኛል። በመንገድ ላይ ከጎንዎ እቀመጣለሁ፤ ሊያወሩልኝ ከወደዱ እሰማለሁ፣ ዝም ማለት ከወደዱም አብሬዎት ዝም እላለሁ።

እትዬ ይርጋነሽን እግርሽን ትስማለች ይበሉልኝ። ስጦታውን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ እስከዚህ ያነበበበት ነው። ለባለቤቱ ለባንቺዓለም ሰላም ይበሉልኝ፣ ሆዷ ገፍቷልና ከባድ አታንሣ። ተማሪዎቹን አይዟችሁ ይበሉልኝ። አምላኩ ጉልበትዎን ይስማል። ጀዋሂርና እማማ ፈንታነሽ ሳያውቁዎት ሰላም ብለውዎታል፤ እማማ ፈንታነሽ በጸሎትዎ ያስቡኝ ይላሉ።

እፀገነት አያቴ መቼ ነው የምንሄድላቸው እያለች ታስቸግረኛለች። እርስዎ እስከ ዛሬ በድምጿ ብቻ ነው የሚያውቋት። ይህች ልጅ ስትስቅ ግራ ጉንጯ ብቻ ስርጉድ ይላል። በኔ የለም፣ በእርስዎ የለም፣ በአምላኩ ዘመዶችም ፈልጌ አጣሁት። ዓይንዎ የበራ ዕለት አስቀድመው እሷን ይዩልኝና፣ ሳቋ የማን እንደሆነ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ጸደንያ ገብረ ክርስቶስ
ሞጣ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.