የእናትህን ስም የጠራህ ቀን

ውድ እንድርያስ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብለው ስላስተማሩኝ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና መሆኑን ታውቃለህ። እስከዚያ የገበያውን ሰሌዳ ሁሉ የምታነብልኝ አንተ ነበርክ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ቢሆንም የምልህን በልቤ ሳብላላው ስለከረምኩ አይጠፋኝም።

ሰው መጥቶብሃል።

ባለፈው ቅዳሜ ቁንዶ በርበሬውን ሸራ ላይ አስጥቼ ዶሮ ሳባርር ባጃጅ በሬ ላይ ቆመ። ሁለት ሴቶች ወረዱ። አንዷ ህሊና ትባላለች፤ ሚዛን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት፣ ለመተርጎም ነው የመጣችው። ሌላዋ እንዳንተ ፈረንጅ ናት። ስሟ ማርታ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ስልኳን አውጥታ አንተን አሳየችኝ፤ ጋቢ ለብሰህ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ስታለቅስ።

ያንን የለቅሶ ድንኳን እኔ ነኝ ያስተከልኩት። አልጸጸትበትም። እናትህ መሞቷን በስልክ ሰምተህ ጓሮ ተደብቀህ ስታለቅስ አገኘሁህ፤ «ለማንም አትንገሪ» አልከኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው? ለእድሩ ሊቀመንበር ለአቶ ዓለምሰገድ ብነግራቸው፣ «ሰርካዲስ፣ እናቱ ሞታ ዝም የተባለ ሰው እኛ ሰፈር የለም» አሉኝ። ከዚያ መቼም አፋቸው አያርፍ፣ «ግን ፈረንጅ ንፍሮ በእጁ ይበላል ወይስ ሹካ እናምጣ?» ብለው አሳቁኝ። በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ግቢዬ ውስጥ ቆመ።

ያን ሁሉ ዘመን ለአንዱ ግሪክ ነኝ፣ ለሌላው አርመን ነኝ ስትል ኖረሃል። እኔም ካንተ ጋር አንሶላ ተጋፍፌ ከሌላው ሰው የተሻለ አላውቅም ነበር። የቴፒ ሰው ደግሞ ቅመም ሊገዛ የመጣ ፈረንጅ ስለለመደ አልጨቀጨቀህም። አስለቃሿ ግን ባዶ ሙሾ አታወርድም። ፊትህ ቆማ፣ «የኔ ጌታ፣ እናትህ ማን ትባላለች? አገሯስ የት ነው?» አለችህ። ዝም ብለህ ትቆያለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን የእናትህን ስም ጠራህ፤ የተወለደችበትን ደሴት ጠራህ። አስለቃሿ አፏ እንዳመጣላት እየሰባበረች ተቀበለችህ፣ ሴቱ ሁሉ ደረቱን መታ። ከለቀስተኛው መካከል አንዱ ስልኩን ቀስሮ ነበር። «እንደ ሀበሻ ያለቀሰው ፈረንጅ» ብለው ለቀቁት፤ ዓለም አየው።

አንተም አየኸው። «ሚዛን ደርሼ እመጣለሁ» አልክ። ዳቦ ይዘህ እንድትመጣ ነግሬህ ነበር፤ በዚያው ቀረህ። ቱም ከተማ ወፍጮ ቤት ተቀጥረህ እንደምትኖር የነገረኝ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጎረቤት «ፈረንጅሽ ከዳሽ?» ሲለኝ፣ «እናቱን ሊቀብር ሄደ» እያልኩ ዋሸሁልህ።

ማርታንም ዋሸኋት። «አገሩ ተመልሷል» አልኳት።

«አልተመለሰም» አለች። «እዚያ ቢመለስ የሚጠብቀው ብዙ ሰው አለ።»

ከዚያ ነገረችኝ። ጀልባ ነበረህ አሉ። ከሚችለው በላይ ሰው ጫንክበት። ተቆጣጣሪ እንዳያይህ ብለህ ማንም በማይሄድበት ውሃ ወሰድካቸው። ሲሰምጥ አንዷን የጎማ ታንኳ ይዘህ ለብቻህ ወጣህ፤ ሲነጋ ከአገር ጠፋህ። አባቷ እዚያ ውስጥ ነበር። ለካ የጋምቤላ ዓሣ ቤት በገባ ቁጥር ተነስተህ የምትወጣው ለዚህ ነው። እኔ ሞኟ ሽታው አስጠልቶት ነው እያልኩ ሎሚ ስጨምቅ ኖርኩ።

«ልታሳስሪው ነው የመጣሽው?» አልኳት።

ህሊና ተረጎመችላት። ማርታ፣ «አላውቅም» አለች። «መጀመሪያ የሰመጡበትን ቦታ ይንገረኝ። ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እናቴ አስከሬኑ ሳይገኝ ከል አልለብስም ብላ እስከ ዛሬ በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ ራሴም አላውቅም።»

አላውቅም ባትል ኖሮ አላምናትም ነበር።

እንግዳ አይባረርም፣ ቤቴ አሳደርኳት። ያሳደርኳት አንተ ትተኛበት የነበረው አልጋ ላይ ነው። ጠዋት ስነሳ ቁንዶ በርበሬውን ቀድማኝ እያገላበጠች አገኘኋት፤ አንተ መጀመሪያ ሰሞን ታደርገው እንደነበረው ግማሹን ከሸራ ውጪ እየበተነች። ልቆጣት ፈልጌ አልቻልኩም።

ያን ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። አንተ ለእኔ ክፉ አልነበርክም። በታመምኩ ጊዜ እግሬን አጥበሃል። ያ ሁሉ ግን ከእኔ ተደብቀህ ነው፤ የታጠብኩት በማን እጅ እንደሆነ ሳላውቅ ነው። የኔን ግን አንድ ሳይቀር ታውቃለህ፤ የሞተ ልጄን፣ ጥሎኝ የሄደውን ባሌን፣ ማንበብ ባለመቻሌ ያፈርኩበትን ቦታ ሁሉ። ይህ ያቃጥለኛል። ግን በዚህ ብቻ አሳልፌ አልሰጥህም ነበር። እኛ መልኳን ለማናውቃት ለእናትህ ደረት መትተናል፣ እንድርያስ። ይቺ ልጅ በዓይኗ የምታውቀውን አባቷን አልቅሳ አትጨርስም፤ የሚያስጨርሳት ቃል አንተ አፍ ውስጥ ነው ያለው።

ስልክ ልደውልልህ እችል ነበር። የሹፌሩ ስልክ አለኝ። ብደውልልህ ግን ጫካ ትገባለህ፣ አውቅሃለሁ። ስለዚህ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ከሚዛን በሚነሳው መኪና የላክሁት ደግሞ ለሹፌሩ ሰጥቼ አይደለም።

ይህን ወረቀት የሰጠችህ ሴት ማርታ ናት። አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ የጻፍኩትን አታውቅም። አንብበህ እስክትጨርስ እንድትጠብቅህ ነግሬያታለሁ። አሁን ፊትህ ቆማለች።

አትሩጥ። ወንበር ስጣት፣ ተቀመጥና ቦታውን ንገራት። ነግረሃት፣ ከዚያም የሚሆነው ሆኖ፣ እግርህ ወደ ቴፒ ቢመልስህ በሬን እከፍትልሃለሁ። ሳትነግራት ከመጣህ ግን አታንኳኳ።

ሰርካዲስ
ቴፒ