ፀዳል ከባቡር የወረደችበት ጠዋት

ለማከብርዎትና ለምወድዎት እማማ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? የድሬ ሙቀት ሲበረታ እግርዎ እንደሚያብጥ ስለማውቅ ሰሞኑን ሳስብዎት ነበር የከረምኩት። እኔ እዚህ አዳማ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ጉልበትዎን ይስማሉ።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ እንድትሰጥዎት ለትግስት ልኬላታለሁ። ምን እንደጻፍኩ ታውቃለች፤ ግን እሷም እንደ እኔ በአፏ ልትነግርዎት አልደፈረችም። እባክዎን መነጽርዎን አድርገው፣ በሩን ዘግተው፣ ብቻዎን ያንብቡት። ለጎረቤት ልጅ አያስነብቡት።

ስለ ፀዳል በስልክ ልነግርዎት ሞክሬ ነበር። «የእሷ ወሬ ከሆነ ዝጊው» አሉኝ። አልተቀየምኩም። ቤቱን ቀለም አስቀብተው፣ ጎረቤት አስከትለው፣ ጣቢያ ድረስ መጥተው ልጅዎን ሲያጡ እንዴት እንደሆኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ባቡሩ ድሬ ላይ ሲቆም እኔም ለአፍታ ወርጄ ነበርና። ዘቢባና ትግስት ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲወጡ እርስዎ ከኋላቸው የሚመጣ ሰው ይፈልጉ ነበር። እኔ ጭንቅ ቢለኝ «ፈቃድ አልሰጧትም» አልኩዎት። እርስዎም ነጠላዎን አጣፍተው ተመለሱ። በኋላ «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» ማለትዎን ሰማሁ። እንዲህ ባይሉ ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

መቼም አራታችንን የሚያውቀን እንደ እርስዎ ያለ የለም። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ደብተራችንን እርስዎ በር ላይ ወርውረን ነበር ምሳ የምንበላው። ያኔ ነው «አንድ ቀን አብረን ጅቡቲ ሄደን ባሕር እንገባለን» የተባባልነው። ከዚያ እኔ አግብቼ አዳማ ገባሁ። ዘቢባ እዚያው ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ሱቅ ከፈተች፣ ትግስት ቢሮ ተቀጠረች። ባሕሩን ለማየት ቀድማ የሄደችው ፀዳል ብቻ ሆነች፤ ያውም ለሰው ቤት ሥራ። እንዲህ ሆኖም ሐሳቡን አልተውነውም። ዘንድሮ ሦስታችንም ተመቻቸንና ከዓርብ እስከ እሑድ ብለን ሐሙስ ተነሣን። እርስዎም «ይዛችኋት ኑ» ብለው አደራ አሉን፤ እሷም በስልክ እሺ አለች። እኔ ከአዳማ ተሳፍሬ መጣሁ፣ እነሱ ድሬ ላይ ተቀላቀሉኝ። እስከ ጅቡቲው ናጋድ ድረስ ያን ያህል የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ናጋድ ጣቢያ ስንወርድ ፀዳል ቆማ ትጠብቀናለች። ከስታለች፤ ግን ያው ፀዳል ናት። እየተላቀስን ስንተቃቀፍ ከቀሚሷ ኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ብቅ አለች። አራት ዓመት ገደማ ትሆናለች። «የማዳም ልጅ ናት፣ ሩቅያ ትባላለች። ትተሽኝ አትሄጂም ብላ አስቸገረች» አለችን። እውነቱን ልንገርዎትና ትንሽ ቅር አለን። ዘቢባ በጆሮዬ «ለሽርሽር መጥተን ሞግዚት ልንሆን ነው?» አለችኝ።

ልጅቷ ግን የምትጠላ አይደለችም። በሱማሊኛ ጀምራ በፈረንሳይኛ ትጨርሳለች። መኪና ውስጥ ጭኔ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ በጠራ የድሬ አማርኛ «ውኃ ጠማኝ እኮ» አለችኝ። ሦስታችንም በሳቅ ሞትን። ማን አስተማረሽ ስላት ወደ ፀዳል አመለከተች። «ፀዳል» ብላ ነው የምትጠራት፤ በስሟ።

ዓርብ እዚያ የዕረፍት ቀን ነው። ማዕከላዊ ገበያ ሄደን ለእያንዳንዳችን ስስ የሽቲ ቀሚስ ገዛን፣ በየመኖች ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ በልተን ወደ ባሕር ዳር ወረድን። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ትግስትና ዘቢባ ከነልብሳቸው ውኃው ውስጥ ገብተው እንደ ሕፃን ይረጫጫሉ። ሩቅያም ጫማና ካልሲዋን አውልቃ ተከተለቻቸው። ፀዳል ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ሮጠች፤ ልጅቷን አፈፍ አድርጋ ወደ አሸዋው መለሰቻትና ካልሲዋን በዚያ ሙቀት ልታጠልቅላት መታገል ጀመረች። ላግዛት ብዬ የልጅቷን እግር ያዝኩ።

እማማ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የእግሯ ጣቶች እስከ ግማሻቸው ድረስ የተጋጠሙ ናቸው። በሁለቱም እግሯ። ልጆች ሳለን እርስዎ ጫማዎን አውልቀው የገዛ ጣቶችዎን እያሳዩን «ይህ የአባቴ ማኅተም ነው፣ ከእኛ ቤት ሌላ የትም አታገኙትም» እያሉ ያስቁን ነበር።

ቀና ስል ፀዳል እያየችኝ ነው። «ምንም እንዳትጠይቂኝ» አለችኝ። ልጅቷ ወዲያው ጡቷ ሥር ገብታ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እሷም ባሕሩን እያየች ቀስ ብላ ታወዛውዛታለች። ከዚያ በኋላ እኔ ሽርሽሩ አልጣመኝም።

አመሻሽ ላይ ሆቴል ስንደርስ ስለዚህች ልጅ ለእርስዎ አንዲት ቃል እንዳልነግር ፀዳል በታቦት አስማለችኝ። ስለዚህ አልነግርዎትም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የምጽፍልዎት። የምትሠራው ማዳም ሂንድ የምትባል የባለጸጋ ሚስት ዘንድ ነው፤ ቤቱ ትልቅ ግቢ ነው። ፀዳል እንደሄደች ሰሞን ስልኳ ለብዙ ወራት ጠፍቶ እርስዎ ጸበል ለጸበል ሲዞሩ የከረሙበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ያኔ ማዳም ከግቢ አታስወጣትም ነበር። የማዳም የበኩር ልጅ በዚያው ሰሞን በጥድፊያ ወደ ፈረንሳይ ተላከ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከሩቅያ በላይ ያለው የማዳም ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ሩቅያ የተወለደችው ያ ስልክ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ነው። ወረቀቷ ሁሉ በማዳም ስም ነው።

ቅዳሜ ሦስታችን ተማክረን ማዳም የያዘችውን የፀዳልን ፓስፖርት ልንጠይቅ ወደዚያ ቤት ሄድን። ለጠብ ተዘጋጅተን ነበር። ማዳም ሂንድ ግን አክብራ አስቀመጠችን። ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገር ሴትዮ ናት። ዘቢባ በሱማሊኛ የመጣንበትን ስትነግራት ተነሥታ ገባችና ፓስፖርቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እኔ አላሰርኳትም» አለች። «መሄድ ከፈለገች ነገ ትሂድ። ልጄን እንዳታስለቅስብኝ ግን ሳትነቃ ትውጣ። ከበሬ የወጣች ሠራተኛ ደግሞ አልመልስም።»

ዘቢባን ያውቋታል፤ ያን ጊዜ አልቻለችም። «ልጅሽ ማንን ነው የምትመስለው?» አለቻት። ማዳም አልተቆጣችም። ሩቅያን ጠርታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻትና ወደ እኛ አዞረቻት። «እናትሽ ማን ናት? ለእንግዶቹ አሳዪያቸው» አለቻት። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ጣቷን የማዳም ደረት ላይ አሳረፈች። ፀዳል የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ነበር። አንዱም አልተንኳኳባትም። ትሪውን ይዛ ወጣች። እኔ እስከምሞት የማልረሳው ያን አወጣጧን ነው።

ይህን ሁሉ ካየች በኋላ ትቀራለች ብዬ ነበር። እሑድ ጠዋት ግን ሻንጣዋን ይዛ ናጋድ መጣች። የገዛንላትን ሽቲ ለብሳ፣ ለእርስዎ ሽቶና የራስ ሻሽ ይዛ። እኛ በደስታ ልንበር ደረስን። ባቡሩ ውስጥ በመስኮት በኩል አስቀመጥናት። ባቡሩ እስኪነሣ ስለ ድሬ ጠየቀችን፣ ማን አገባ ማን ሞተ አለችን፣ በዘቢባ ቀልድ ከመጠን በላይ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሰዓት አየች።

«አሁን ነቅታለች» አለችኝ። «ፀጉሯን ሌላ ሰው ሲያበጥራት አትወድም። ትጮኻለች።»

እጇን ያዝኩት። ዘቢባ ከፊቷ ቆማ መንገዱን ዘጋችባት፤ «ወላሂ አትወርጂም! እናትሽ ጣቢያ ቆማ ትጠብቅሻለች!» አለቻት። ትግስት ሻንጣዋን አቅፋ ታለቅሳለች። ፀዳል አልጮኸችም፣ አልታገለችንም። ዘቢባን ግንባሯ ላይ ሳመቻት። ወደ እኔ ዞራ «እማዬን ጨካኝ ሆናለች በያት። እሱን ትችለዋለች» አለችኝና ወረደች። ፓስፖርቷን እንኳ ትግስት ቦርሳ ውስጥ ትታው ነው የወረደችው። ከመስኮቱ ውጪ ስትሮጥ አየኋት፤ ያ አዲሱ ሽቲ እግሯ ላይ እየተጠመጠመባት። ባቡሩም ተነሣ።

እማማ፣ ሌላውን መሐላዬን ሁሉ ጠብቄያለሁ። «ጨካኝ ሆናለች» ማለቱ ግን አፌ እምቢ አለኝ።

አዳማ ከገባሁ በኋላ በሰው ስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ደውላልኛለች። ማዳም በሩን እስኪመሽ አልከፈተችላትም ነበር። በመጨረሻ ያስገባቻት ስልክ እንዳትይዝ አስምላ ነው። አሁን የምታድረው ኩሽና አጠገብ ነው፤ ሩቅያ ክፍል ማደሩ ቀርቷል። ዓርብ ዓርብ ልጅቷን ባሕር ዳር ማውጣቱን ግን አልከለከለቻትም። እንግዲህ ስልክ የማትደውልልዎት ረስታዎት አይደለም። ስለ እርስዎ ጉልበት ጠየቀችኝ። ጣቢያ መጥተው እንደሆነ ስትጠይቀኝ ግን ወሬውን ወደ ልጆቼ አዞርኩት። እሷም ገባትና ስልኩ ተዘጋ።

ምን ያድርጉ ብዬ ልምክርዎት? እኔም አላውቅም። ጠበቃ አማክሬ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ፀዳል የለችበትም፣ ምንም ማድረግ አይቻልም አለኝ። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ «ልጅ የለኝም» ያሉትን ቃል ይመልሱት። በጎረቤት ፊት ባይሆን እንኳ ብቻዎን ሲሆኑ ይመልሱት። ጉልበትዎ ከፈቀደ ደግሞ ሙቀቱ ሲበርድ እኔ መጥቼ ወስጄዎት፣ አንድ ዓርብ አሸዋው ላይ እንቀመጣለን። እዚያ መቀመጥ ማንም አይከለክለንም።

ሌላ አልጨምርም። ብቻ ሩቅያ የሚለውን ስም ያወጣችላት ማዳም ናት። ያን ቀን ባሕር ዳር፣ ከእንቅልፏ ስትቀሰቅሳት፣ ፀዳል የማልሰማት መስሏት በእርስዎ ስም ጠራቻት። ልጅቷም ዓይኗን ሳትገልጥ «አቤት» አለች።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ዓይንዎን ያበርታልኝ፣ ጉልበትዎንም ለመንገድ ያጽናልኝ።

ከልጅዎ እኩል ያጎረሱኝ
ልጅዎ