ቡሬ የጠጣችው ሰማያዊ ውሃ

ማክሰኞ

ጓንቱ ቀዳዳ እንዳለው ያወቅሁት ጣቴ ላይ ያለችው ቁስል ስትለበልበኝ ነው። ሮጬ በሳሙና ታጠብኩ። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ገመቹ ትናንት ለበጎቹ ሰኮና ሰማያዊውን የመዳብ ዱቄት፣ ኮፐር ሰልፌቱን፣ ሲሰጠኝ ደጋግሞ ነግሮኛል። ጓንት፣ መነጽር፣ የፕላስቲክ ገንዳ፤ ብረት ከሆነ ይበላዋል። ዱቄቱ ሲበጠበጥ እንዳይተነፈስ። ከሁሉ በላይ ግን በጎቹ እንዳይጠጡት። «በግ መዳብ አይችልም፤ ከላም ይብሳል» አለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አጠጣኋቸው።

ሁሉንም አደረግሁ። መነጽሩ የባለቤቴ የቶሎሳ የፀሐይ መነጽር ነው። አማቴ አባባ አይተውኝ «ዛሬ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?» አሉኝ።

የዘንድሮው ክረምት ጭቃ የበጎቻችንን ሰኮና አበስብሶታል። ቡሬ እንዲያውም በጉልበቷ ተንበርክካ ነው የምትግጠው። ቡሬ ስዳር አባባ በእጃቸው የሰጡኝ በግ ናት፤ አሁን ደግሞ እርጉዝ ናት። እግራቸውን ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ቢያቆሙልኝ ይድኑ ነበር። እነሱ ግን ገንዳውን ሲያዩ በረገጉ፤ አንዷ እንኳ አልገባችም። ነገ እንደገና እሞክራለሁ። ገንዳውን በቆርቆሮ ከደንኩት።

ረቡዕ

ኧረ ጉድ! ኧረ ጌታ ሆይ!

ከገበያ ስመለስ አባባ በር ላይ ቆመው ፊታቸው በርቷል። «ጨረስኩልሽ። ሁሉም በራሳቸው ገቡ።» እንዴት አድርገው? «ጨው ጨመርኩበታ!»

አባባ በግ የሚጠሩት በጨው ነው። ጨው በእጃቸው ይዘው ሲያፏጩ መንጋው ከየትም ይሮጣል። ታዲያ ገንዳው ውስጥም ጭብጥ ሙሉ ጨው በተኑበት። በጎቹ ገቡ፣ ቆሙ፣ ላሱ። ሌሎቹ ቀምሰው አፋቸውን እያራገፉ ተዉት። ቡሬ ግን ጨው ሲሆን ሆዳም ናት፤ አጎንብሳ ጠጣችው።

ጮህኩባቸው። «እንዳይጠጡት አላልኩም?»

«ሰኮናዋ እንዲድን ነው እንጂ ትጠጣለች ብዬ መች አሰብኩ፣ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

ወዲያው ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። ጥርሷን ታፋጫለች። በጠጧ ውሃ ሆነ፤ ያውም አረንጓዴ። ዶክተር ገመቹ በባጃጅ ደረሰ፤ መድኃኒት አጠጣት፣ መርፌ ወጋት። የቀሩትንም አንድ በአንድ አያቸው፤ ደህና ናቸው። የገንዳውን ውሃ ከወንዙ ርቀን፣ ዶሮ የማይደርስበት ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። «ዛሬን ትደር እስቲ» ብሎኝ ሄደ።

ሐሙስ

አድራለች። ቆማለች፣ ግን አትበላም። አባባም አይበሉም። በረት ውስጥ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቁርስ ብወስድላቸው «እሷ ሳትበላ?» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ አርቦዬ ከተማ ላለችው ልጃቸው ለጫልቱ ሲደውሉ ሰማሁ። በኦሮምኛ ነው። «እሑድ ነይና ውሰጂኝ። እዚህ ከማጥፋት በቀር ምንም አልረባሁ።»

እኔ አባቴን ያጣሁት በልጅነቴ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ደክሞኝ ስገባ «ዛሬስ ልጆቹ አስቸገሩሽ?» የሚለኝ ሰው አባባ ብቻ ናቸው። ቶሎሳ ሲመጣ ብነግረው «እኔን መች ይሰሙኛል፤ አንቺው ለምኛቸው» ብሎ እርፍ። ወንዶች! ሄጄ «ይቅርታ አባባ» ብላቸው «ተዪው» አሉና ፊታቸውን ወደ ቡሬ መለሱ።

ዓርብ

ቡሬ የገብስ ገለባ ቀመሰች! ትንሽ ነው፣ ግን ቀመሰች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አባባም ቅንጬአቸውን ጨረሱ።

ዶክተር ገመቹ ደስታዬን በረድ አደረገው። መዳብ የበግ ጉበት ውስጥ ይደበቃል አለ። ድናለች ተብላ ስትግጥ ከርማ፣ ከሳምንታት በኋላ ድንገት ወደ ደሟ ሊለቀው ይችላል። ያኔ የዓይኗ ነጭ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቷ ይቀላል። «በየጠዋቱ ዓይኗን ገልጦ የሚያይ ሰው ያስፈልጋታል» አለ። እኔ አባባን አየሁ። አባባ መሬት መሬት አዩ።

የተረፈውን ኮፐር ሰልፌት ከማድ ቤት ርቆ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ አስገባሁት። በቀይ «መርዝ» ብዬ ጻፍኩበት። አባባ እስክሪብቶውን ተቀብለውኝ ከሥሩ በኦሮምኛ ደገሙት።

ቅዳሜ

ዓይኗን እኔ ልይ ብዬ ሄድኩ። ራሷን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘች ጭቃ ላይ ጣለችኝ። አባባ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አልቻሉም። «እንደሱ አይደለም። አገጯን በመዳፍሽ ያዢ፣ የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣት ቀስ።» እሳቸው ሲነኳት ዝም አለች። ነጭ ነው።

ጭቃው ላይ እንደተቀመጥኩ «አባባ፣ የጮህኩት ደንግጬ ነው። አይሂዱብኝ» አልኳቸው። ማታ ግን ልብሳቸውን ሲያጣጥፉ አየሁ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጫልቱ ደርሳ ቆይታለች። ምሳ እንደበላን «አባቴ፣ በል ተነስ፣ መኪና እንዳያመልጠን» አለች።

አባባ ተነሱ። የሄዱት ግን ወደ በረት ነው። ተከተልናቸው። የቡሬን አገጭ ይዘው ዓይኗን ገለጡና «ነጭ ነው» አሉኝ፣ ወደ እኔ ዞረው። ከዚያ ለጫልቱ «ጉበቷ ውስጥ መርዝ አለ። ሳይጠራ ጥያት የት እሄዳለሁ?» አሏት።

ጫልቱ በግርምት አየችኝ። «መቼ ነው የሚጠራው?»

ዶክተሩ ጥቂት ሳምንታት ነው ያለው። እኔ ግን አፌ «እንጃ፣ ጉበት እኮ ጊዜ ይወስዳል» አለ። አባባ ሰምተው እንዳልሰማ ሰው የቡሬን ጀርባ ያሻሉ።

ጫልቱ ብቻዋን ተሳፈረች።

አሁን ውጪ ይዘንባል፤ አባባ ከቶሎሳ ጋር እየተጨቃጨቁ ነው፣ ደህና ናቸው። ቡሬ ቶሎ ትዳንልኝ። መዳኗን ግን ለአባባ የሚነግራቸው ሰው አይምጣብኝ።